የኋላ ኤሩን አውጥቶ ሞላ ማስገባት መኪና ማዋረድ አይደለም

የኋላ ኤር ሰስፔንሽን ያላት፣ ማለትም ከኋላ በብረት ሞላ (ስፕሪንግ) ፋንታ አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ የምታርፍ መኪና የያዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጠዋት ሲወጣ መኪናዋ ከኋላ ቁጭ ብላ ያገኛታል። ጎማውና ከላዩ ያለው መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎው፣ ሊነካኩ ደርሰዋል። ሞተሩን ሲያስነሳ ከሥር አንድ ነገር ድርርር ይላል፤ መኪናዋም ቀስ እያለች ትነሳለች። ለተወሰነ ጊዜ እንዲህ እያለች ትሠራለች። ከዚያ አንድ ቀን መነሳቱን ታቆማለች።

ይሄኔ መካሪው ይበዛል። መለዋወጫ ሻጩ «ኦሪጅናሉን ግዛ» ይላል። መካኒኩ «ምን አደከመህ፣ ሞላ እናስገባላትና ተገላገል» ይላል። ደላላው ደግሞ «ሞላ ከገባባት ፉል (ሁሉ የተሟላላት) መሆኗ ቀረ፣ ስትሸጣት ዋጋ ይሰብሩብሃል» ብሎ ያስፈራራል። ብዙ ባለመኪና የደላላውን ቃል ሰምቶ ገንዘቡን በማይዘልቅ ጥገና ላይ ይጨርሳል። ይሄ ያናድደኛል። ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት ያለፈ፣ ኤሩ ከኋላ ብቻ የሆነ፣ በእኛ መንገድ የምትነዳ መኪና ከሆነች ሞላ ይግባላት። ግን በወጉ ይግባላት። አሁን በየጋራዡ የማየው ችግር ሞላ መግባቱ ላይ አይደለም፤ አገባቡ ላይ ነው።

ሌክሰስ ጂኤክስ 470ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 ድረስ የወጣች፣ ባለ 4.7 ሊትር ቪ8 ሞተር መኪና ናት። የፕራዶ 120 እህት ናት፤ ቻሲያቸው (አካላቸው የሚያርፍበት የብረት መሠረት) አንድ ነው። ከፊት ሞላ አላት፤ ከኋላ ግን በሞላው ቦታ ሁለት የአየር ከረጢቶች ተቀምጠዋል። ከረጢቶቹን የሚሞላ ኮምፕረሰር፣ አየሩን የሚያደርቅ ማጣሪያ፣ ከፍታውን የሚለኩ ሴንሰሮችና ሁሉንም የሚያዝ ኮምፒውተር አሉ። ሹፌሩ በአንድ ቁልፍ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል።

አሁን ደግሞ በዚያው ዘመን የወጣችውን ቶዮታ ፎርረነር እዩ። የኋላ አክሰሏ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) እና አሠራሯ ከጂኤክሷ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹ ፎርረነሮች ግን ከኋላ ሞላ ይዘው ነው ከፋብሪካ የወጡት። ፕራዶ 120ም እንደዚያው ነው፤ ኤር ያላቸው ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው ጥቂት ሞዴሎች ናቸው። ስለዚህ ሞላ ለዚህ ዓይነት መኪና ባዕድ ነገር አይደለም። አምራቹ ራሱ በዚያው ቦታ ላይ ሲያስገባው ኖሯል። «መኪናዋን አዋረድካት» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ኤሩ ለምን ይበላሻል? ከረጢቱ ጎማ ነው። መኪናዋ በተነሳችና በወረደች ቁጥር ጎማው በራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ዓመታት ሲያልፉ እጥፋቱ ላይ ይሰነጣጠቃል። አቧራና ጠጠር እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ይፈገፍገዋል። በቅርቡ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ሲቀባው አይቻለሁ። ላይ ላዩን ደህና የሚመስል ከረጢት ነበር። እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ግን ትንንሽ አረፋ በመስመር መውጣት ጀመረ። መርፌ የማታስገባ ስንጥቅ ናት። መኪናዋን በአንድ ሌሊት የምታስቀምጠው እሷ ናት።

ጉዳቱ እዚያ ላይ አይቆምም። አየሩ በሾለከ ቁጥር ኮምፕረሰሩ ይነሳል። አልፎ አልፎ እንዲሠራ የታሰበ ነገር ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ይግላል፤ የውስጡ ቀለበት ያልቃል፤ በመጨረሻ ይቃጠላል። በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ጫና አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ኮምፕረሰሩ ያንኑ ግፊት ለማምጣት የበለጠ መሥራት አለበት። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይችለዋል። ሲያረጅና ከረጢቱ ሲያፈስ ግን ይከብደዋል።

ስለዚህ የጥገናውን ሒሳብ የአንድ ከረጢት ዋጋ ብቻ አድርጎ ማሰብ ስህተት ነው። አንዱ ከረጢት ከተሰነጠቀ ሌላኛውም እኩያው ነው፤ ብዙ አይቆይም። ሁለቱን ስትቀይር ደግሞ ሲለፋ የከረመው ኮምፕረሰር ወረፋውን ይጠብቃል። ቀጥሎ ሴንሰሩ፣ ቀጥሎ የአየር ቱቦው መገጣጠሚያ። አዲስ መኪና ቢሆን ይሄ ሁሉ ያዋጣ ይሆናል። አሥራ ምናምን ዓመት ላገለገለች መኪና ግን ማለቂያ የለውም። ገበያው ላይ ያለው ብዙው ዕቃ ደግሞ በምን ዓይነት ጎማ እንደተሠራ ማረጋገጫ የለውም።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1957 ኤልዶራዶ ብሮም የተባለችውን በጣም ውድ መኪናውን በአራቱም ጎማ ላይ ኤር አድርጎ አወጣ። ጄኔራል ሞተርስ በቀጣዩ ዓመት ለሌሎች ሞዴሎቹም በአማራጭነት አቀረበው። ስርዓቱ ግን ያፈስ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ተተወ። የእነዚያ ውድ መኪኖች ባለቤቶች ምን አደረጉ? ብዙዎቹ አውጥተው ሞላ አስገቡ። ያኔ በዓለም ላይ ካሉ እጅግ ውድ መኪኖች አንዱን የያዘ ሰው ካላፈረበት፣ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

ለኤሩ የሚገባውን ክብር ግን አልነፍገውም። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ጭነት ሲበዛ ኮምፕረሰሩ ግፊቱን ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ከረጢቱ ይጠነክራል። ስለዚህ መኪናዋ ባዶ ሆነች ተጫነች ከፍታዋም አኳኋኗም አይለወጥም። ሞላ ይሄን አይችልም። ጥንካሬው አንድ ነው፤ ስትጭነው ይወርዳል። ዘወትር ሰባት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ረጅም መንገድ የሚሄድ ወይም ከባድ ተጎታች የሚጎትት ሰው ኤሩን ቢጠግን ይሻለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን በሳምንቱ ቀናት ብቻችንን ወይም ሁለት ሆነን ነው የምንነዳው፤ አንዳንዴ በበዓል ሐዋሳ ደርሰን እንመለሳለን። ለዚህ ኑሮ በትክክል የተመረጠ ሞላ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅ። ይሄን ሁሉ የምለው ኤሩ ከኋላ ብቻ ለሆነ መኪና ነው። በአራቱም ጎማ ኤር ያለው ሬንጅ ሮቨር ወይም መርሰዲስ ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሰስፔንሽኑ ኮምፒውተር ከብዙ ነገር ጋር የተሳሰረ ነው። የጂኤክስን ልምድ ይዞ እዚያ መግባት አያዋጣም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «ሞላ ገብቶላታል» ተብለው ከየጋራዡ የሚወጡ መኪኖች ውስጥ ጨርሶ ያልተመረጠ ሞላ የተቀመጠባቸው አሉ። ከሌላ መኪና የወለቀ ሞላ አምጥቶ፣ ረዝሞ ሲያገኘው በግራይንደር ቆርጦ የሚያስገባ መካኒክ አለ። ይባስ ብሎ በእሳት እያጋለ የሚያሳጥር አለ። የሞላ ጥንካሬ ከብረቱ ዓይነትና በፋብሪካ ካገኘው የሙቀት ሕክምና ነው የሚመጣው። በእሳት ስታግለው ያን ታጠፋዋለህ። የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ መቀመጫው ላይ በትክክል አይቀመጥም። ኮረኮንች ላይ አክሰሉ ወደ ታች ሲወርድ ሊወጣ ይችላል። ኋላ ወንበር ላይ ልጆች ይቀመጣሉ። ይሄ ማንም ሊለማመደው የሚገባ ሥራ አይደለም።

ሌላው ስህተት ከልክ በላይ ጠንካራ ሞላ ነው። ባለቤቱ «ከፍ ትበልልኝ» ይላል፤ መካኒኩም ለከባድ ጭነት የተሠራውን ወፍራም ሞላ ያስገባል። መኪናዋ ባዶዋን ስትሄድ ትነጥራለች። ጠጠር መንገድ ላይ የኋላ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል፤ መጠምዘዣ ላይ ትንሸራተታለች። ኋላ የተቀመጠ ሰው ወገቡን ይይዛል። ከዚያ «ሞላ አይረባም» የሚል ወሬ ይነሳል። ያልረባው ግን ምርጫው ነው።

በወጉ ሲሠራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እውነት ኤሩ መበላሸቱ ይረጋገጥ። የተላቀቀ የሴንሰር ዘንግ ወይም አንድ መገጣጠሚያ ላይ ያለ ያረጀ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) መኪናዋን ሊያስቀምጣት ይችላል፤ ያ በትንሽ ወጪ የሚሠራ ነው። የሳሙናውን ምርመራ ሳያደርግ «ሞላ ነው መፍትሔው» የሚል መካኒክ ጋ አትቆዩ። ቀጥሎ ጤነኛ በነበረችበት ከፍታ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ድረስ ያለው ርቀት ይለካ፤ ሞላው ሲገባ ወደዚያ መመለስ አለባት። ሞላው ለዚያው ሞዴል የተሠራ ይሁን። ዘወትር የሚጫነው ነገርም ይታሰብ። ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ)፣ ከባድ መከላከያ፣ ተጨማሪ የነዳጅ ጀሪካን ካለ ደረጃ ከፍ ያለ ይመረጣል። ከሌለ መደበኛው ይሁን። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ለጂኤክስ ተብሎ የተዘጋጀውን ሙሉ ዕቃ እዚያ በቀላሉ ያገኛል።

ሥራው ሲጀመር አየሩ መጀመሪያ ይውጣ። ግፊት ያለበትን ከረጢት መፍታት እጅ ያሳጣል። መኪናዋ በቻሲዋ ተነስታ በጠንካራ ማቆሚያ ትደገፍ፤ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥላ ማንም ሥሯ አይግባ። ሞላው ከላይና ከታች የሚያርፍበት ጎማ፣ አክሰሉ ወደ ላይ ሲመታ ምቱን የሚቀበለው ጎማም አብረው ይግቡ። ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚህ ናቸው። ሲረሱ ብረት ከብረት ይጋጫል። የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው አሞርዛተር ዘይት ካፈሰሰ ያኔውኑ ይቀየር፤ አዲስ ሞላ በሞተ አሞርዛተር አይያዝም።

የኤሌክትሪኩ ነገር ደግሞ አለ። ኮምፕረሰሩ ኃይሉ ካልተቋረጠ የሌለ ከረጢት ለመሙላት ሲደክም ይኖራል። ስለዚህ በሥርዓት ይለያይ። ሽቦው ተቆርጦ ክፍት አይተው፤ ጫፉ ውኃ እንዳይገባው ይሸፈን። ዳሽቦርዱ ላይ የሚቀረውን መብራት ከጀርባ ቆርጦ ማጥፋት አልወድም። ባለቤቱ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ከእሱ በኋላ የሚገዛው ሰውም ሊያውቅ ይገባል። በአንዳንድ መኪኖች የፊት መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚለው በኋላው ሴንሰር ነው። እዚያ ሴንሰሩ አይነካ፤ ካለዚያ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን የሚያጠፋ መብራት ይዘን እንወጣለን።

ይሄን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ፕራዶዎችና ጂኤክሶች ከእንግዲህ ለብዙ ዓመት እዚሁ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጡ ይቆያሉ። በደንብ ተሠርቶ ያልገባ ሞላ ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር አይቀርም፤ ለቀጣዩ ይተላለፋል።

ስለዚህ ጋራዦች ለዚህ ሥራ ደረሰኝ ይጻፉ፤ ደረሰኙ ላይ የሞላው ዓይነትና ቁጥር ይስፈር። ሻጭም መኪናውን ሲያሳይ ራሱ ይናገር። ደላሎችን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ሞላ የገባባትን መኪና «ተበላሽታ የነበረች» እያላችሁ ዋጋ አትስበሩባት፤ ኤር ያላትንም ስለ ከረጢቱ ዕድሜ ሳትናገሩ በፉል ስም አትሽጧት። ገዢውም ከኋላ ጎማዋ አጠገብ ተንበርክኮ፣ የእጅ ባትሪ አብርቶ ይይ። ሞላው መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አርፏል? ጫፉ የተቆረጠ ነው? ሞላው የሚያርፍበት ጎማ ከላይም ከታችም አለ? ሁለቱ ጎኖች እኩል ቆመዋል? ለዚህ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።