ከመኪናው ቀድሞ የሚደርሰው

ድሬ ላይ መኪና መምጣቱን መጀመሪያ የሚያውቀው መስኮት ነው። መስታወቱ ዝዝዝ ይላል። ቀጥሎ ቡፌ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ይንጫጫሉ። ከዚያ ደረትህ። ጆሮ መጨረሻ ነው ተራው የሚደርሰው፣ እሱም የሚሰማው "ድም... ድም... ድምድም" ብቻ ስለሆነ ዘፈኑ የማን እንደሆነ ለማወቅ መኪናው ደጅህ እስኪደርስ መጠበቅ አለብህ። ሲደርስ ደግሞ ቪትዝ ነው። ይሄን ሁሉ ሰፈር ያናወጠችው አራት ሰው ከጫነች የደንገጎን ዳገት በልመና የምትወጣ ቪትዝ ናት አቦ!

እኔ ሙዚቃ አልጠላም። ድሬ ተወልዶ ሙዚቃ የሚጠላ ሰው ካለ መታወቂያው ይታይልን። ችግሩ ክፍፍሉ ላይ ነው። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲያገኝ አብዛኛው ይመለሳል። ወፍራሙ ግን ግድግዳ አይቆጥርም፤ 40 ኸርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ቤዝ፣ አንዱ ሞገዱ ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ማለትም ከብዙዎቻችን ሳሎን ይበልጣል። ስለዚህ ባለመኪናው ዘፋኙንም ግጥሙንም ክራሩንም ለብቻው ይዞ ይሄዳል፣ ሰፈሩን ደግሞ በንዝረቱ ያንበሸብሸዋል። ሌላም ጣጣ አለው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ መለየት ይቸግረዋል። እናቶቻችን ሁልጊዜ የተሳሳተውን ልጅ የሚረግሙት ለዚህ ነው።

የነገሩ አጀማመር ግን አንጀት ይበላል። ልጁ ተበድሮ፣ እቁብ ገብቶ፣ ከውጭ ያለ ወንድሙን ለምኖ ቪትዟን ገዛ። ቁልፉን ሲያዞር ቴፑ በጃፓንኛ ሰላም አለው። ሬዲዮ ልክፈት ቢል ለጃፓን የተሰራ መኪና ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው የሚይዘው፣ የኛ ጣቢያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከ90 በላይ ናቸው። እና ሽሽሽ ብቻ። ፍላሽ ሰካ። በሩ ውስጥ ያሉት የፋብሪካ ስፒከሮች ቀጫጭን ናቸው፣ ቴፑም ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው እውነተኛ ጉልበት ከ15 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው። ይሄ ለጃፓን መንገድ ሳይበቃ አይቀርም። ድሬ ላይ ግን ከባጃጅ ጋር ነው የምትፎካከረው።

እዚህ ጋ አንድ ጤነኛ ሰው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ ያያታል። ጎማዋ ልጧል። የፍሬን ሸራዋ አልቋል። ኤሲዋ አይሰራም፣ ድሬ ላይ፣ በ35 ዲግሪ! ልጁም አየ፣ አሰበ፣ ብሩን ቋጠረና ዎፈር (የቤዝ ስፒከር) ከነአምፑ (ከነድምፅ ማጉያው) ሊገዛ ታይዋን ገበያ ሄደ። ኤሲ ስለሌለ መስኮት ከፍቶ ነው የሚነዳው። በዚህ ደግሞ እኛ ተጠቀምን።

የአምፑ ካርቶን ላይ 3000 ዋት ይላል። ሻጩ ወላሂ ይላል። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንስራው፤ 3000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ለማውጣት 250 አምፔር ያስፈልጋል፣ የትንሽ መኪና ዲናሞ ደግሞ እንደምንም 80 ገደማ ቢሰጥ ነው፣ እሱም መብራቱንና ሞተሩን ማስተዳደር አለበት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ለአንዲት ቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ነው፣ ከተደረሰም። ማየት የነበረበት በትንንሽ ፊደል ከታች የተጻፈውን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት ነበር። ግን ትንንሽ ፊደል አንብቦ ዎፈር የገዛ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ገጠማው ከዛፍ ጥላ ስር ነው። ድሬ ላይ ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው ወርዶ ይመጣል፣ ጫት የያዘው ይመጣል፣ ከገበያ የምትመለሰው ሴትዮ ዘንቢሏን አስቀምጣ "ይሄ ቀዩ የምንድነው?" ትላለች። ሁሉም ኢንጂነር ነው። ሰሪው ቀዩን ገመድ ከባትሪው ወደ ኋላ ይጎትታል። እዚህ ገመድ ላይ ከባትሪው ሳይርቅ፣ 45 ሳንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ ፊውዝ መግባት አለበት፤ ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ቆርቆሮ ቢነካ ቶሎ የሚቆርጠው እሱ ነው። ፊውዙ ገባ። በነጋታው ተቃጠለ። ልጁ ሌላ ከመግዛት ይልቅ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት አውጥቶ ጠቀለለበት። አሁን ቪትዟ ውስጥ የማይቃጠለው ብቸኛ ነገር ፊውዙ ነው።

የፋብሪካው ቴፕ ለአምፕ የሚሆን መውጫ ስለሌለው ሲግናሉ ከኋላ ስፒከር ገመድ ተጠልፎ፣ ለአምፑ እንዲመች በሚቀንሰው ኮንቨርተር በኩል ያልፋል። ይሄ ደህና ነው፣ በትክክል ከተሰራ። ነጌቲቩ ገመድ ግን የመኪናው ቀለም ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ መታሰር ሲገባው ሰሪው ቀለሙ ላይ ቡሎን አጠበቀ። ልጁ ሞተር አስነሳ። ነዳጅ ሲረግጥ ከስፒከሩ ፊይይይይ የሚል ፉጨት አብሮ ይወጣል። "ይሄስ?" አለ ልጁ። ሰሪው እጁን እየጠረገ መለሰ፣ "ድምፁን ጨምረው፣ አይሰማህም።"

እውነቱን ነው፣ አይሰማም። ሲጨመር የሚሰማ ነገር የለም። በዚያ ላይ ብዙ የፋብሪካ ቴፖች ትንንሾቹን ስፒከሮች ለማዳን ሲሉ ድምፅ በጨመርክ ቁጥር ቤዙን ራሳቸው ይቀንሱታል። ልጁ ይጨምራል፣ ቴፑ ይቀንሳል። ተናደደና አምፑ ላይ ያለችውን ጌይን የምትባል ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞራት። ጌይን ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም፤ ከቴፑ የሚመጣውን ሲግናል ከአምፑ አቅም ጋር ማመጣጠኛ ናት። ከልኩ ካለፈች የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጥና የዎፈሩን ጥቅልል ሽቦ ያግላል። የተቃጠለ ሽታ መኪናው ውስጥ ሲመጣ ልጁ መጀመሪያ የጠረጠረው ኋላ የተቀመጠውን ጓደኛውን ነው።

ደግነቱ የድሬ ሙቀት ያግዘናል። ወንበር ስር የተወሸቀው አምፕ ሲግል ቀይ መብራት ያበራና ራሱን ያጠፋል። ልክ እንደ ድሬ ሰው ቀትር ላይ ስራ አቁሞ ይተኛል፣ ሲበርድለት ይነሳል። የሚያሳዝነው እኛ የምንተኛበትና እሱ የሚነሳበት ሰዓት አንድ መሆኑ ነው። ወበቅ ሲሆን በረንዳ ላይ ፍራሽ አንጥፎ የሚያድር ሰው አለ እኮ።

ዎፈሩ በሳጥኑ ሆኖ የኋላ ኮፈኑን ሙሉ ይዞታል። ስለዚህ ቪትዟ ዕቃ አትጭንም። ለበዓል በግ የተገዛ ዕለት ጉዱ ታየ። በጉ የት ይቀመጥ? ኋላ ወንበር ላይ፣ ከአክስቱ ጎን፣ መስኮት በኩል። ልጁ እንደ ልማዱ ከፈተው። በጉ መጀመሪያ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ከዚያ አክስቱን አየ። ከዚያ ያደረገውን አልጽፈውም፣ ወንበሩ ግን ታጥቧል። "ቀንሰው አንተ፣ በጉ ፈራ!" ትላለች አክስት። "አክስቴ፣ በጉ ነው የፈራው ወይስ አንቺ?" ይላል እሱ። በጉ ከቢላዋ በፊት ዎፈር ያየ የመጀመሪያው በግ ሳይሆን አይቀርም።

ማታ መብራት አብርቶ ሲነዳ ደግሞ ቤዙ በመታ ቁጥር ፊት ለፊት ያለው መብራት ደብዘዝ ፈካ፣ ደብዘዝ ፈካ ይላል። ባትሪው ማንን ያስተናግድ? ከሐረር ሲወርድ የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ መንገዱን የሚያየው ዘፈኑ ዝም ሲል ነው። የኋላ ማያ መስታወቱ ስለሚንቀጠቀጥ የሚከተለው አይሱዙ ሁለት ሆኖ ነው የሚታየው። ታርጋዋም ትንቀረቀባለች፣ ያቺ እንኳ ነፃ ጭብጨባ ናት።

የሰፈሩ ዋና ከሳሽ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነው። (አዲስ አበባ ያላችሁ "ናቸው" በል እንዳትሉኝ፤ ድሬ አንቱታ ስትወርድ ከባቡር ጣቢያው አላለፈችም።) ሰውየው ከምሳ በኋላ በርጫው ላይ ጋደም ይላል፣ ምርቃናው ይመጣል፣ የዓለምን ችግር ሊፈታ ትንሽ ሲቀረው ቪትዟ ትመጣለች። ቴርሞሱ ትሪው ላይ መራመድ ይጀምራል። በሩን ብርግድ አድርጎ ይወጣል።

"አንተ! ምርቃናዬን በተንክብኝ እኮ! ቀንሰው አቦ!"

"አባባ፣ ና ግባና ስማው፣ ከውጭ ሲሰማ እኮ አያምርም!"

ለቀበሌ እናገራለሁ ብሎ ዝቷል። አባትህን እናገራለሁ ብሏል፣ አባትየው ግን የልጁ የመጀመሪያ ተሳፋሪ ነው፣ በዚያ ላይ አንድ ጆሮው አይሰማም፣ "እኔን ደስ ይለኛል፣ በወገቤ እሰማዋለሁ" ይላል።

ባለፈው ታዲያ ሽማግሌው ሴት ልጁን ዳረ። አጃቢ መኪና ተቆጠረ። ከሳቢያን የመጣች ነጭ ኮሮላ አለች፣ የዘመድ ዶልፊን አለ። ሽማግሌው እነዚህን አየና ፊቱ ጠቆረ። "ይሄ ለቅሶ ነው ሰርግ?" አለ። "ያቺ የምትንቀጠቀጠዋስ የት አለች? ጥሩልኝ እንጂ!" ቪትዟ ታጥባ፣ ሪባን ታስራ፣ ከሙሽሮቹ መኪና ፊት ተሰለፈች። ከዚራን ከነጥላዋ ዞሩ፣ በመጋላ በኩል ተሻገሩ፣ ሽማግሌው ጋቢና ተቀምጦ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ "ጨምረው! ጨምረው አንተ፣ አልተሰማም!" እያለ ሲጮህ የሰማ አለ። ድምፅማ ጠፍቶለት አያውቅም።

በነጋታው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቴርሞሱ እንደገና መራመድ ጀመረ። ሽማግሌው ወጣ።

"አንተ ልጅ! ቀንሰው ብዬሃለሁ አቦ!"

ልጁ ቀነሰው። በመስኮቱ ብቅ አለና፣ "አባባ፣ የትናንቱን ቤንዚን መቼ ነው የምትከፍለኝ?" አለው።

ሽማግሌው ቆም ብሎ አሰበ። "ምን አልክ?" አለ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ። "ዘፈኑን ጨምረው እስቲ፣ አልሰማህም።"