ባቡራችንን ከዓይን ያውጣልን

እኔ መቼም ሰው ሲመሰገን ደስ ይለኛል፣ በተለይ ሳይከፈለው የሚሰራ ሰው። አዳማ ላይ ሀዲድ በሚታይበት ቦታ ስልክህን አውጥተህ ትንሽ ቀና ካደረግከው በሶስት ሰከንድ ውስጥ "አንተ! ፎቶ አይቻልም!" የሚልህ ካላገኘህ እውነቴን ነው የምልህ ያለኸው ሌላ ከተማ ነው። ጥበቃው ይልሃል፣ ጥበቃው ሻይ ሊጠጣ ከሄደ ባለባጃጁ ይልሃል፣ ባለባጃጁ ተሳፋሪ ካገኘ ቆሎ ሻጯ ትልሃለች፣ የጋሪው ፈረስም አፍ ቢፈታ እሱም ይልህ ነበር። ሌባ ስልክህን መንትፎ ሲሮጥ ግን አንዳቸውም አያዩም፣ እና አይፈረድባቸውም፣ ሰው ስንቱን ይጠብቃል?

የሚጠብቁት ሚስጥር ደሞ ቀላል እንዳይመስልህ። ከ750 ኪሎሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሚስጥር ነው፣ ከሰበታ ተነስቶ በኛ በኩል አድርጎ በድሬዳዋ ጅቡቲ ባህሩ ድረስ የሚዘልቅ። ከላዩ 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለው፣ እስከ አዳማ ድረስ ደሞ መንገዱ ድርብ ነው፣ ማለትም ሚስጥሩም ድርብ ነው። ሲመጣ ጡሩምባውን እየነፋ ነው የሚመጣው። ይሄን ሁሉ በአንድ ፊሽካና በአንድ ዱላ ደብቆ መያዝ ቀልድ አይደለም። መስከረም 2009 ሲመረቅ የኛም የጅቡቲም መሪዎች ቆመው ካሜራው እንደ ሰርግ ቤት ሲጋፋ ነበር፣ በቲቪ አይተነዋል፣ ግን ያኔ ገና ሚስጥር አልሆነም ነበር። እንደ ጠጅ ነው፣ ሲቆይ ነው የሚጠነክረው። ሳተላይት እንኳን ከላይ ሆኖ ያየዋል፣ ያው ሳተላይቱን "ና ውረድ፣ ጋለሪህን ክፈት" የሚለው ስለጠፋ ነው እንጂ።

ባለፈው እሁድ የእህቴን ልጅ ይዤ ወጣሁ። ስድስት አመቱ ነው፣ ባቡር ያበደ ልጅ፣ ዋናው ስራው ፉርጎ መቁጠር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሀዲዱ የሚታይበት ሜዳ ላይ ቆመን ጠበቅን ጠበቅን፣ በስተመጨረሻ ኮንቴይነር የጫነው ብቅ አለ፣ ልጁ አንድ ሁለት ሶስት እያለ ጀመረ፣ እኔም ቢስት ቤት ገብተን እንደግመዋለን ብዬ ቪዲዮ አበራሁ። አስራ ስምንት ላይ ሲደርስ "አንተ!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፣ ልጁ ደንግጦ ዞረ፣ ቁጥሩ ጠፋበት፣ ባቡሩ ሄደ።

ዩኒፎርም የለበሱ ጥበቃ ናቸው፣ የየት መስሪያ ቤት እንደሆነ ግን ጽሁፉ በእጥበት ለቋል።

"ምን ልታደርግበት ነው?"

"ለግል ነው ጋሼ፣ ለልጁ።"

"ለግል ከሆነ ለምን ትቀርጻለህ?"

እንግዲህ ይሄን መልስ። እኔ አልቻልኩም። ክልክል ነው የሚል ምልክት እኮ የለም ስላቸው "ምልክት ቢኖርማ እኔን ለምን ይቀጥሩኛል" አሉኝ፣ ልክ ናቸው። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 29 ላይ መረጃ የመፈለግና የማሰራጨት ነፃነት ይላል እኮ ልል አፌን ስከፍት አንዱ መንገደኛ (በበጎ ፈቃድ የቆመ፣ ማንም ያልጠራው) "ይሄ ዩቲዩበር ሳይሆን አይቀርም" አለ። አለቀ።

ከዛ የስልክ ፍተሻ። እዚህ ላይ ነው ምስጋናዬ እጥፍ የሚሆነው፣ ምክንያቱም የባቡሩን ገመና ለመጠበቅ ሲባል የኔ ገመና እንዴት እንደተዘረገፈ ማየት ነበረባችሁ። ጋሼ መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ጋለሪውን እንደ መዝገብ ይገልጡታል፣ ቪዲዮውን አለፉት፣ ተመለሱ፣ እንደገና አለፉት፣ የእህቴ ክርስትና ላይ ደረሱ። "ይቺ ሚስትህ ናት?" እህቴ ናት። "አላገባችም?" ልጁ የሷ ነው ጋሼ። መንገደኛውም አንገቱን አስግጎ "ዶሮው መልኩ ያምራል" አለ። ቀጥሎ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት መጣ፣ እሱ ላይ ረጋ ብለው ቆዩ፣ የቀረኝን ብር ሲያዩ ፊታቸው ላይ ሀዘን ነገር ነበር። ከዛ በኋላ ትንሽ ለዘብ አሉ፣ በእንደዚህ አይነት ገንዘብ ሰላይ አይኮንም ብለው መሰለኝ።

ቪዲዮው ጠፋ። መንገደኛው "ሪሳይክል ቢን አለው እኮ፣ ከዛም አጥፋ" አለ፣ የሰለጠነ ሰው ነው። ከዛም ጠፋ።

ኒውዮርኮች እንዲህ አይነት ሰው አጥተው ነው የተቸገሩት። እ.ኤ.አ. በ2004 የምድር ውስጥ ባቡራቸውን ፎቶ ማንሳት ይከልከል ተብሎ ረቂቅ ቀርቦላቸው ነበር፣ ህዝቡ ተቃወመ፣ በአመቱ ተውት። አሁን ደንባቸው ላይ ፎቶም ቪዲዮም ይቻላል ነው የሚለው፣ መብራትና ትራይፖድ ምናምን አትያዙ እንጂ። እነሱ ባለሶስት እግሩን ከለከሉ፣ እኛ ባለሁለት እግሩን ከለከልን፣ ማን እንደበለጠ እናንተ ፍረዱ።

ብቻ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ለቪዲዮው አይደለም፣ ለቁጥሩ ነው፣ "አስራ ስምንት ላይ ነበርኩ" እያለ ይነፋረቃል። ጋሼ ይሄን ሲያዩ ስልኬን መለሱልኝና ጎንበስ ብለው እንባውን በመዳፋቸው ጠረጉለት።

"አይዞህ ማሙሽ፣ ሰላሳ አራት ነው፣ እኔ ቆጥሬዋለሁ" አሉት። "ሁለቱ ባዶ ናቸው፣ የቀረው ማዳበሪያ ነው። ነገም በዚሁ ሰዓት ነው የሚያልፈው፣ ማታ ደሞ ነዳጅ የጫነው አለ፣ እሱ ይረዝማል፣ እዛ ድንጋዩ ላይ ከቆምክ በደንብ ይታይሃል።"