በሊጥ ለተፈወሳችሁ

እሰይ! ባሕር ዳር ለጭንቀት መድኃኒት አገኘች። ድሮ ልቡ የከበደው ሰው ጠበል ይሄድ ነበር፤ ወይም ጎረቤቱን ቡና ጠርቶ ያወጋ፣ አለዚያም ሲመሽ ጣና ዳር ብቻውን ይመላለስ ነበር። ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው። የዛሬው ጭንቀታም ኦቨን ያሞቃል።

የሕክምናው ረቂቅነት ያስደንቃል። የኑሮ ውድነት እንቅልፍ የነሳው ሰው ተነስቶ እንቁላል፣ ቅቤና የፉርኖ ዱቄት ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘቡ አይጨነቅም፤ ገንዘቡ የለማ! ረቡዕና ዓርብ ቢያስጨንቀውም ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ፣ በዘይት ብቻ የሚሠራ የጾም ኬክ አለለት። ፈጣሪም አይቀየም፣ ስኳሩም አይቀር።

አሠራሩን የሚማረው ከስልኩ ነው። በቪዲዮው ላይ ፈገግ የምትለው ጋጋሪ የባሕር ወደብ ነዋሪ ብትሆንም ግድ የለውም። የእኛ ከተማ ግን 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ኬኩ ጸንቶ ሳይበስል ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይሰረጉዳል። ታዲያ ይህ ጉድለት እንዳይመስላችሁ! የሰረጎደ ኬክ አዲስ ጭንቀት ይወልዳል፤ አዲሱን ጭንቀት ለማስታገስ ደግሞ ሌላ ኬክ ይጋገራል። መብራት ሲጠፋማ ሕክምናው ጥልቀት ያገኛል። ከዚሁ ከሐይቃችን በሚሄድ ውሃ የሚሠራው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የማን ኬክ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ግን ከየት ይወቅ?

ልግስናቸውንም ሳላነሳ አላልፍም። የሰረጎደው ኬክ አይጣልም፤ ለጎረቤት ይላካል። ሽምብጥ ውስጥ በር ተንኳኩቶ ሳህን ከመጣ ሰፈሩ አንድ ሰው መጨነቁን ያውቃል። ስኳር ያለባቸው እናት ሳይቀሩ «እጅሽ ይባረክ» ብለው ይቀበላሉ። ሳህን ባዶውን መመለስ ያሳፍራልና፣ ተቀባይዋ በተራዋ ምን እንደምትጋግር ትጨነቃለች። ጭንቀቱ እንዲህ በፍትሐዊነት ይከፋፈላል። ደህና የወጣው ኬክ ግን ለመቅመስ አይቸኮልበትም፤ ጣና ዳር ወርዶ፣ ፔሊካኖቹ ከኋላው እንዲታዩ ሆኖ ፎቶ ይነሳል። መረጋጋት ሕዝብ ካላየው ምን ዋጋ አለው?

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ። የዚህ ሕክምና ፈር ቀዳጆች ተረስተዋል፤ በየቤቱ እየዞሩ እንጀራ የሚጋግሩት ሴቶች ማለቴ ነው። ኬክ ጋጋሪው ቅዳሜ ከሰዓት ትንሽ ቢታከም ነው። እነርሱ ግን አብሲት ጥለው፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ጠብቀው፣ ምጣዱን በጎመን ዘር አስሰው፣ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን እየደፉ፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ ይታከማሉ። ጭሱ ለዓይን፣ እንፋሎቱ ለክንድ፣ መቆሙ ለወገብ! እነዚህ ሴቶች የቤት ኪራይ ተጨመረ፣ ልጅ ታመመ ብለው ሊጨነቁ አይገባም። እንዲያውም ደመወዝ መቀበላቸው ግራ ያጋባኛል፤ ለዚህን ያህል ሕክምና መክፈል የነበረባቸው እነርሱ ናቸው።

ይህን ሐሳብ እንጀራ ለምትጋግርልን ሴት አቅርቤላት ነበር። በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከዚያም ሊጡን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ማሰሻውን ዘረጋችልኝ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው ዛሬ እርስዎ ይታከሙ።»

ስብሰባ እንዳለብኝ ነግሬያት ወጣሁ።