የፊት ፍሬንና የአክብሮት ሰላምታ

ሞተር ሳይክልን የፈለሰፈው ሰው ባሕር ዳር አልኖረም። ኖሮ ቢሆን ነዳጅ መስጫውንና የፊት ፍሬኑን ቀኝ እጅ ላይ አይከምራቸውም ነበር። ቀኝ እጅ ሥራ አለው፤ ማማተብ፣ ማጉረስ፣ ከሁሉ በላይ ሰላምታ። ግራው ደግሞ ፍሪሲዮን ይዟል። ባይዝስ፣ በግራ እጁ ትልቅ ሰው ሰላም የሚል የማን ልጅ ነው?

የጀማሪዎች ሥልጠና ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ምልክቶች፣ ቅድሚያ አሰጣጥ፣ የትራፊክ ደንብ፤ ቀጥሎ ሜዳ። ግራ እግር ማርሽ፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን። አሠልጣኛችን ግን ነጋ ጠባ የሚሰብከው የፊት ፍሬንን ነው። «ገልብጦ ይጥላል» እየተባለ ስሙ የጠፋ ምስኪን ፍሬን! ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ ዋናው አቋሚ እሱ ነው፤ የሚጥለው በድንጋጤ ሲጨመድዱት፣ ወይም መሪው ተጠምዝዞና አሸዋ ላይ ሆነው ሲይዙት ነው። ቀስ እያሉ ማጥበቅ፣ ከኋላው ጋር አንድ ላይ። ሌላው ትእዛዝ የዓይን ነው፤ መሄድ የምትፈልግበትን እይ፣ ጉድጓድ ላይ ያፈጠጠ ጉድጓድ ይገባል።

እስቲ ይህን ትምህርት ይዛችሁ በጠዋት ወደ ጊዮርጊስ ውጡ። ዘንባባው ሥር የእድራችሁ ሰብሳቢ ቆመዋል። ዓይን ወደሳቸው ይሄዳል፤ መሪው ዓይንን ይከተላል። ቀኝ እጅ ይነሣል፤ ነዳጁም ፍሬኑም አብረው ይለቀቃሉ። እኛ ደግሞ በአፍ ብቻ ሰላም አንልም፤ አንገት ይሰበራል፣ ወገብ ጎንበስ ይላል። ቀና ስትሉ ከፊታችሁ ባጃጅ ያለ ፍሬቻ እየታጠፈች ነው።

ዝም ብሎ ማለፍም ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከትራፊክ ቅጣት ይከብዳል። ሄልሜቱ ፊቴን ሸፍኖልኛል ብላችሁ አትጽናኑ፤ ሞተሩ ይታወቃል። «ሞተር ከገዛ ወዲህ ሰው አይታየውም» የሚለው ወሬ ከናንተ ቀድሞ ቤት ይገባል። ሄልሜት ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለውም ለዚህ ይመስለኛል። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ራስ ላይ ይወጣል፣ ትራፊኩ ሲታለፍ ወደ ክንድ ይወርዳል። በዚህ አገር እንደ ሞተረኛ ክርን የተጠበቀ የሰውነት ክፍል ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ሞተር ላይ እገዳ ስትጥል ምክንያቷ ወንጀል ነበር። እዚያ ፊቱን የሸፈነ ሞተረኛ በሌባነት ይጠረጠራል፤ እዚህ በኩራት። ምረጥ ብባል የሌብነቱን ጥርጣሬ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ይግባኝ አለው።

አሠልጣኙን ብንጠይቀው «ሰላም ማለት የፈለገ ይቁም» አለን። መልካም። ስፖኪዮ ታያላችሁ (የጓደኞቼ ሞተሮች ስፖኪዮ «አያምርም» ተብሎ ስለተፈታ ይህን እርምጃ ይዘሉታል)፣ ፍሬቻ ታበራላችሁ፣ ማርሽ እየቀነሳችሁ ዳር ትይዛላችሁ፣ ሞተር ታጠፋላችሁ፣ ሄልሜት ታወልቃላችሁ። «እንደምን አደሩ፣ እትዬ? ልጆቹስ? ወገብዎን ተሻለዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ወደ ጊዮርጊስ ነህ? በል እንግዲያ አፈናጥጠኝ።»

ትምህርቱ ተፈናጣጩ እግሩን ግራና ቀኝ አድርጎ ይቀመጥ፣ ሄልሜትም ያድርግ ይላል። እትዬ በጎን ይቀመጣሉ፤ ሄልሜት ሲሰጧቸው «እኔ ምን ወታደር አደረገኝ» ይላሉ፤ የነጠላቸው ጥለት ካቴናው አጠገብ ይወዛወዛል። ሰብስቡት ማለት ደግሞ ድፍረት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በክላክስ ሰላም ማለት ይሻላል ያሉም አሉ፤ ሰላምታው የደረሳቸው አዛውንት ግን ዘለው ቦይ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው መከበራቸውን የሚሰሙት።

በኛ ዙር የባሰ ጣጣ የነበረባቸው የገጠር ደብር የሚያገለግሉ አንድ ቄስ ናቸው። ጥምጥማቸውን ለማውለቅ ከራሳቸው ጋር ብዙ ተሟግተው በመጨረሻ ሄልሜቱን አጠለቁ። ሰላምታ እንኳ በአንገት ይቻላል፤ መስቀል ግን በአንገት አያሳልሙበትም። ልምምድ ላይ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ያለ ሁሉ ሞተራቸውን ያጠፋባቸው ነበር።

የፈተናው ቀን ስምንት ቁጥር ሠርተው ማለፍ ነበረባቸው፤ እግሩ መሬት የነካ ወደቀ ነው። አባ የመጀመሪያውን ክብ አሳምረው ዞሩ። መሃል ላይ ሲደርሱ ፈታኙ ራሱ ኮፍያውን አውልቆ፣ መዝገቡን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባላቸው። አባ የፊቱንም የኋላውንም አንድ ላይ ቀስ አድርገው ያዙ፤ ሞተሩ ቀጥ አለ። ግራ እግራቸውን መሬት አሳርፈው፣ መስቀሉን ከኪሳቸው አውጥተው ግንባሩንም አፉንም አሳለሙት። እሱም ወደ ቦታው ተመልሶ «አልፈዋል» ብሎ ጻፈ።

ቀጥሎ የገባው ጎረምሳ እግሩን አስነክቶ ወደቀ። «አባ ሲነኩ ዝም ተብሏል» ብሎ አቤቱታ ጀመረ።

«አንተ ማንን ልታሳልም ነው የቆምከው?» አለው ፈታኙ።