የትኋን ዘመዶች ስፐርም ነገር
ስለ ነፍሳት ስፐርም (የወንዴ ዘር ሴል) የጻፍከውን ወድጄዋለሁ ግን «የነፍሳት ስፐርም ሁሉ ያው ጭንቅላትና ጅራት ነው» ያልከው ላይ አልስማማም ወንድሜ። ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ጓሮዬ ጎመኑ ላይ አረንጓዴ፣ ጀርባዋ ጋሻ የሚመስል፣ ስትነኳት የምትገማ ተባይ አለች፣ እሷ የትኋን ዘመድ ናት እኮ። የነዚህ ወገን ስፐርም ጅራቱ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፣ ከውጭ 9፣ ቀጥሎ 9 ጥንድ፣ መሃል ላይ 2፣ የኛ የሰው ስፐርም ግን የውጪዎቹ 9 ቱቦዎች የሉትም። ከጎን ደግሞ ከማይቶኮንድሪያ (ለሴሉ ጉልበት ከሚያመነጩት ክፍሎች) የተሠሩ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች አብረው ይሄዳሉ፣ ከቱቦዎቹ ጋር በድልድይ መያያዛቸው ነው እንግዲህ የዚህ ወገን መለያው።

እኔን በጣም የሚደንቀኝ ግን ከነዚህ ከሚገሙት አንዳንዶቹ ዝርያዎች የወንዱ የዘር ፍሬ በክፍል በክፍል ሆኖ አንደኛው ክፍል ክሮሞዞሙን (የዘር መረጃ የያዘውን ክር) እኩል ሳያካፍል ስፐርም መሥራቱ ነው፣ አንዱ ስፐርም ብዙ ይይዛል ሌላው ጥቂት፣ የሴል ተመራማሪው ፍራንዝ ሽሬደር እ.ኤ.አ. በ1960 ጽፎበታል። የቤቱ ትኋንማ ወንዱ የሴቷን ሆድ ወግቶ ነው ስፐርሙን የሚለቅባት፣ ከዛ በደሟ ውስጥ አልፎ ወደ እንቁላሏ ይሄዳል። እባክህ ይሄን ጨምርበት፣ ተማሪዎቼ በስልካቸው እያነበቡህ ነው።