አፈር በፕላስቲክ ኩባያ

ጎረቤቴ የኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ልጅ ነው፤ 66 ዓመቱ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ማታ ከሥራ ስገባ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በሁለት እጁ የፕላስቲክ ኩባያ ይዟል። ቢራ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ አፈር ነው።

ያን ቀን ኦክላንድ አትሌቲክስ የተባለው የቤዝቦል ቡድን በከተማው የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ። 46,889 ሰው ገባ። ቴክሳስን 3 ለ 2 አሸነፉ። ከዚያ የሜዳው ሠራተኞች አፈር እየዛቁ ለሕዝቡ አደሉ። ቡድኑ ከካንሳስ ሲቲ ሲመጣ ጎረቤቴ የአስር ዓመት ልጅ ነበር። እኛ አፈር ቋጥሮ የሚሰደድ ሰው እናውቃለን። ይሄ ሰው ግን የትም አልሄደም። የሄደው ቡድኑ ነው።

የቡድኑ ባለቤት ጆን ፊሸር ይባላል። ወላጆቹ ጋፕ የተባለውን የልብስ ኩባንያ የመሠረቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቡድኑን ከሸሪኩ ጋር በ180 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ተጫዋች አፍርቶ፣ ደሞዙ ከፍ ሊል ሲል ለሌላ ቡድን ያሳልፋል። ሰው ተናዶ ቀረ። ሰው ሲቀር ደግሞ «ደጋፊ የለም» ተባለ! እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከ27 ሺህ በላይ ደጋፊ ስታዲየም ገባ። ብዙዎቹ «ሽጥ» የሚል አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው ነበር። በዚያው ሳምንት የኔቫዳ ግዛት ቡድኑ ሊዛወርበት ላሰበው የላስ ቬጋስ አዲስ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ፈቀደ። ለቢሊየነር! ከሕዝብ ካዝና! እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የተጫዋቾቹና የባለቤቶቹ ጠብ በፊት ግድ አይሰጠኝም ነበር። ሚሊየነርና ቢሊየነር ቢጣሉ ምን አገባኝ እል ነበር። ጎረቤቴ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ ከርት ፍለድ ሲነግረኝ ነው የነቃሁት። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሴንት ልዊስ ወደ ፊላደልፊያ ተዘዋውረሃል ሲባል፣ ያለ ፈቃዴ የምሸጥ የምለወጥ ዕቃ አይደለሁም ብሎ እምቢ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተሸነፈ። የእሱ ነገር በዚያው አበቃ። የተጫዋቾቹ ማህበር ግን አልተበተነም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ሌሎች ተጫዋቾች ያንኑ መብት አስከበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዝቅተኛው ደሞዝ በዓመት 6,000 ዶላር ነበር። በ2025 760,000 ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ባለቤቶቹ የደሞዝ ጣሪያ ካልተጣለ ሲሉ ተጫዋቾቹ አድማ መቱ። የዓመቱ ፍጻሜ ሳይቀር ተሰረዘ። ጣሪያው ግን አልመጣም።

እኛ አገር እግር ኳስ ውስጥ ግን በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጣሪያው መጣ። በወር 50 ሺህ ብር። ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ ተስማሙ፣ አለቀ። የሦስትና የአራት ወር ደሞዝ ሳይከፈለው ልምምድ የሚያቆም ተጫዋች ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። አድማ ሲመታ «ለማልያው ፍቅር የለውም» እንለዋለን። እኔም ብያለሁ። ማልያ የቤት ኪራይ ይከፍላል?

የማይፈርድ ሰው አይደለሁም። እኔ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ባለፈው ዓመት ሰዓታችንን ቆረጡብን። አምስት ነን፤ አምስታችንም ሐበሻ። አብረን ገብተን እንናገር አልኩ። «ተው ባክህ፣ እንጀራህን አትዝጋ» አሉኝ። ብቻዬን ገባሁ። የኔ ሰዓት ጭራሽ ቀነሰ፤ የእነሱ ባለበት ቀረ። ይቅርታ አድርጌላቸዋለሁ ማለት አልችልም፤ አሁንም ቡና ስንጠጣ ያንቀኛል።

ግን ተጫዋቾቹስ ማህበር አላቸው። ባለቤቶቹም ገንዘብ አላቸው። ጎረቤቴ ማን አለው? ሲደራደሩ ደጋፊው የሚቀመጥበት ወንበር የለም። ቤት የሌለው ቡድን እንዴት እንደሚያም እኛ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ዋልያዎቹ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፉት «በሜዳችን» ነው። ሜዳችን የተባለው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። ደረጃውን የሚያሟላ አንድ ስታዲየም ስላልነበረን ነው። በስልኬ እያየሁ ጮህኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼ ትዝ አሉኝ። ያን ቀን ስታዲየም መግባት የነበረባቸው እነሱ ናቸው።

አትሌቲክስ የቬጋሱ እስኪያልቅ ዌስት ሳክራሜንቶ ውስጥ፣ ለታችኛው ሊግ በተሠራ ትንሽ ሜዳ ይጫወታል። የከተማ ስም እንኳ አልጨመሩለትም፤ አትሌቲክስ ብቻ። ከእኛ ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። አንድ ቀን ልውሰድህ አልኩት፣ ጎረቤቴን። ኩባያውን መስኮቱ ላይ አስተካከለና ሌላ ወሬ ጀመረ።