ጥንድ ጥንድ ሁኑ!

ኮቹ እጁን አጨብጭቦ «ጥንድ ጥንድ ሁኑ!» ሲል ወሽመጤ ቁርጥ ይላል። እኔ ጂም የምሄደው ከሰው ለመራቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ከሰው ጋር ስነታረክ ውዬ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስገፋ አምሽቼ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ላቤን ብቻዬን ላፈስ ከፍዬ የምገባበት ቦታ ነው። እዚያም ሌላ ሰው ይመደብልኛል።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ቡርፒ ይሠራል፣ ማለትም መሬት ላይ ተዘርግቶ ተነስቶ ይዘላል፣ ሌላው ፕላንክ ይዞ፣ ማለትም በክርኑና በእግር ጣቱ ተደግፎ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ይጠብቃል። የሚሠራው እስኪጨርስ ያኛው ከፕላንክ አይወርድም። ከዚያ ይቀያየራሉ። በሌላ አነጋገር፣ የኔ ስቃይ መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ውኃ ቢጠማው፣ የጫማ ክሩ ቢፈታ፣ ፎቶ መነሳት ቢያምረው፣ እኔ መሬት ላይ በክርኔ እየተንቀጠቀጥኩ እጠብቃለሁ። ይሄንን የፈጠረው ሰው ከማን ጋር ተጣልቶ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።

የኔ አጋር ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ጡረታ የወጡ፣ ነጭ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው የሚስቡ፣ እጅግ ጨዋ ሰው። አጠገቤ ስለቆሙ ነው የደረሱኝ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ባለፈው እኔ ግድግዳ ተደግፌ ወንበር በሌለበት ተቀምጫለሁ፣ ጭኔ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኗል፣ እሳቸው ከባዱን ኳስ ታቅፈው 20 ስኳት (ቁጭ ብድግ) ይሠራሉ። አስረኛው ላይ ስልካቸው ጮኸ። አነሱት!

«አቤት! እንዴት ነህ? ደህና ነህ ወይ? ቤተሰብ እንዴት ነው? ልጆች? ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይመስገን፣ እናንተስ?»

ጭኔ ነደደ። ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ ጉልበቴ ላይ ያርፋል። እስኪ ንገሩኝ፣ በኛ አገር አንድ ትልቅ ሰው ሰላምታ ላይ እያለ «ጋሼ ስልኩን ይዝጉት» የሚለው ማን ነው? እኔ ያወጣሁት «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ከተቻለ...» የሚለውን ብቻ ነው። ዞር ብለው በጣታቸው «አንዴ» አሉኝና ቀጠሉ። የለቅሶ ጉዳይ ነበር። ሁሉንም ሰማሁ። ለቅሶው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ቀብሩ በማግስቱ 9 ሰዓት ላይ፣ የእድሩ ድንኳን ገና አልተተከለም። ሟቹን አላውቃቸውም፣ ግን በዚያች ሰዓት ከልቤ ቀናሁባቸው፣ ቢያንስ ተጋድመዋል።

ስልኩ ሲያልቅ «ስንት ላይ ነበርን?» አሉኝ።

«አስራ ስምንት!» አልኩ።

«የለም የለም ልጄ፣ እንደሱማ አይሆንም፣ አስር እንኳ የሞላሁ አይመስለኝም። በል ከዘጠኝ እንነሳ።»

እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው የሚገኘው ሁልጊዜ ያለቦታው ነው። የሳቸው ተራ ሲደርስ ደግሞ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ «በርታ፣ አይዞህ፣ ጎበዝ» ይሉኛል፣ ኮቹም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እኔ ወገቤ ትንሽ ሲወርድ ግን ከዚያ ጥግ ስሜን ጠርቶ ይጮህብኛል።

ኮቹን ስታናግሩት መልሱ ዝግጁ ነው። አንደኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። ወንድሜ፣ እኔ አንበሳ ላስር አልመጣሁም፣ ቦርጭ ላጥፋ ነው የመጣሁት። ሁለተኛ «ሳይንስ ነው»። እሺ፣ ሳይንሱንም አየሁት። ኦቶ ኮህለር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1920ዎቹ (በፈረንጆቹ) የበርሊን ቀዛፊዎችን ክብደት አስነስቷል፣ ለብቻቸውም በጥንድም። በጥንድ ሲሆን አንዱ ከደከመ ሥራው ያበቃል። እና ደካማው ሰው ብቻውን ሲሆን ከሚችለው በላይ ቆየ። እስከዚህ ኮቹ ልክ ነው። ግን እዚያው ጥናት ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ጥቅሙ የሚታየው የሁለቱ ሰዎች አቅም መጠነኛ ልዩነት ሲኖረው ነው። ልዩነቱ በጣም ከሰፋ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከሱ በፊት ደግሞ ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ፣ ጎታቹ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሄኛውን ኮቹ አያነሳውም።

እኛ ጋ ሚዛን የሚባል ነገር የለም። ባለፈው «አንዱ አንዱን አዝሎ አዳራሹን ይዙር» ተባለ። 95 ኪሎ የሚሆን ሰውዬ ገና ከተመዘገበች ቀጭን ልጅ ጋር ተጣምሯል። ልጅቷ አየችው። እሱም አያት። ሁለቱም ኮቹን አዩት። ኮቹ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

ደግሞ እኮ ፕሮግራሙ የሱ አይደለም፣ ከቲክቶክ ነው የሚያወርደው። «40 ሰከንድ ሥራ፣ 20 ሰከንድ እረፍት» የሚሉት ልጆች ማያሚ ባሕር ጠረፍ ላይ ናቸው። እኛ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ቁጭ ብለናል። ለምደነዋል፣ እውነት ነው። ግን የለመደም ሳንባ ቢሆን እዚህ ከፍታ ላይ እንደ ባሕር ጠረፍ ኦክስጅን አያገኝም። አትሌቶቻችን እንጦጦና ሱሉልታ ይሮጡ የለ ትሉኝ ይሆናል። ይሮጣሉ። ሮጠው ሲጨርሱ ግን ገብተው ያርፋሉ፣ እኔ ገብቼ ያልጨረስኩትን ሪፖርት ነው የምከፍተው።

አሁን ወደ እውነቱ ልምጣ። ይሄ ሁሉ ጥንድ ጥንድ የመጣው የዕቃ እጥረት ስላለ ነው! ማታ ማታ አዳራሹ ጢም ይላል። የሚሠራው የቀዘፋ ማሽን አንድ ነው፣ ሌላኛው «ጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወረቀቱ ራሱ አርጅቷል። ኬትልቤሉ፣ ያ እጀታ ያለው የብረት ክብደት፣ ለግማሻችን አይበቃም። እና ምን ተደረገ? ግማሹ ሰው ዕቃ ይዞ ሲሠራ ግማሹን መሬት ላይ ፕላንክ አስይዘው ያቆዩታል። ወረፋ ነው እኮ! ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ቢሰለፍ ስለሚያጉረመርም፣ እየተቀጣ እንዲሰለፍ አደረጉት። ለዚህም በየወሩ እንከፍላለን፣ ክፍያውም ይጨምራል፣ የሚመዘገበውም ሰው ይጨምራል፣ ኬትልቤሉ ብቻ ነው የማይጨምረው።

ማግስቱን አታንሱብኝ። ሕመሙ በዕለቱ አይመጣም፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚብሰው። እኔ በሁለተኛው ቀን የቢሮ ደረጃ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ እወርዳለሁ። መውጣቱስ ደህና ነው፣ መውረዱ ነው ጉዱ። የጥበቃው ጋሽዬ «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉኝ «ስፖርት» አልኳቸው። «ከፍለህ?» አሉኝ።

አጋር ይቅር አላልኩም። ሃይሮክስ የሚባለው፣ ሩጫና የጂም ሥራ የሚፈራረቅበት ውድድር ላይም ሰው በጥንድ ይወዳደራል፣ 8 ኪሎ ሜትሩን ጎን ለጎን ሮጠው የጂሙን ሥራ ይካፈላሉ። እዚያ ግን ሰው አጋሩን ራሱ መርጦ ይመዘገባል። እኛንም ወይ አስመርጡን፣ ወይ በአቅም መድቡን፣ ስልክ ደግሞ ሎከር ውስጥ ይቆለፍ። ይሄ ሁሉ ከከበደ ጥንድ የሚሠራበትን ቀን በር ላይ ለጥፉልን። ሰኞና ሐሙስ ነው ካላችሁ እኔ ማክሰኞ እመጣለሁ። ጋሼ ብቻ እንዳይሰሙ፣ እሳቸውም ማክሰኞ ያደርጉታል።